አዋቂ የለበትም የተባለው ደሴት

የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ልብ ወለድ ነው። የታሪክ መምህር ስለ ልብ ወለድ ምን አገባው የሚል ከመካከላችሁ ቢኖር አልፈርድበትም። መልሴ ግን አጭር ነው። ልብ ወለድም እንደ ደብዳቤ፣ እንደ ፍርድ ቤት መዝገብ ሁሉ የተጻፈበት ዘመንና ቦታ ያለው ሰነድ ነው። ዓመታቱን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

መጽሐፉ እንግሊዛዊው ዊልያም ጎልዲንግ በ1954 ያሳተመው «የዝንቦች ጌታ» ነው። ላላነበባችሁት ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ጦርነት ተነሥቷል። ልጆችን ከአደጋ ለማሸሽ የሚበር አውሮፕላን ተመትቶ ሰው በማይኖርበት የውቅያኖስ ደሴት ላይ ይወድቃል። ከአዋቂ አንድም አልተረፈም። ልጆቹ ሁሉም ወንዶች ናቸው፤ ትልልቆቹ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ፣ ትንንሾቹ ስድስት ዓመት ቢሆናቸው ነው። ራልፍ የተባለውን አለቃቸው አድርገው ይመርጣሉ። ዛጎል ሲነፋ ይሰበሰባሉ፤ ዛጎሉን የያዘ ብቻ ይናገራል፤ የምታልፍ መርከብ እንድታያቸው በተራራው ራስ ላይ እሳት ያነዳሉ። ብዙም ሳይቆይ የመዘምራኑ አለቃ ጃክ አዳኞቹን ይዞ ይገነጠላል። ፊታቸውን በቀለም ይቀባሉ። ሁለት ልጆች በጓደኞቻቸው እጅ ይሞታሉ፤ ፊቱ ላይ ምልክት ያለበት አንድ ሕፃን ደግሞ ገና በመጀመሪያው ቃጠሎ ጠፍቶ ቀርቷል። በመጨረሻ ራልፍን እንደ አውሬ እያሳደዱት ሳለ አንድ የባሕር ኃይል መኮንን ከባሕሩ ዳር ቆሞ ያገኛቸዋል።

ስለ ርእሱ አንድ ነገር ልበል። «የዝንቦች ጌታ» ለእኛ አንባቢዎች ባዕድ ስም አይደለም። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ መጀመሪያ ላይ ንጉሥ አካዝያስ ከሰገነቱ ወድቆ በታመመ ጊዜ መልእክተኞች የላከበት የአቃሮን አምላክ፣ ብዔል ዜቡል፣ በዕብራይስጡ አጠራር ትርጉሙ ይኸው ነው። በወንጌልም የአጋንንት አለቃ ሆኖ እናገኘዋለን። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ይህ ስም የተሰጠው በእንጨት ላይ ተሰክቶ ዝንብ ለወረረው የአሳማ ራስ ነው። ልጆቹ ራሱን የሰኩት ለሚፈሩት «አውሬ» መባ እንዲሆን ብለው ነው።

እኔ መጽሐፉን መጀመሪያ ያነበብሁት ተማሪ ሳለሁ፣ ሽፋኑ ተገንጥሎ በካርቶን ከተተካ የቤተ መጻሕፍት ቅጂ ነበር። ኋላም የሃያኛውን ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ታሪክ ሳስተምር ለብዙ ዓመታት እንደ ማስረጃ ስጠቅሰው ኖሬአለሁ። የምለውም ሁሉም የሚለውን ነበር፦ ከሰው ላይ ሕግንና ተቆጣጣሪን ብታነሡ ከሥር የሚወጣው አውሬ ነው። ይህ አባባል ለአስተማሪ ይመቻል። ለገዥም ይመቻል። ታዲያ አንድ ቀን ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ተማሪ እጁን አወጣና፣ «ዶክተር፣ እኔ ያደግሁት በእረኝነት ነው» አለኝ። «ከጠዋት እስከ ማታ አዋቂ አናይም ነበር። ከብት የምንመልሰው በተራ ነው። ታላቁ ታናሹን ይመታል፤ እንጣላለን፤ እንታረቃለን። ከብቱ የሰው እህል ከገባ ግን ማታ ማን እንደሚጠይቀን ሁላችንም እናውቃለን። እንግዲህ እኛ አዋቂ አልነበረንም ይባላል?» ክፍሉ ሣቀ። የሰጠሁት መልስ የማይረባ ስለ ነበረ ዛሬ አላስታውሰውም። ማታ ግን ቤቴ ገብቼ መጽሐፉን እንደ አዲስ ማንበብ ጀመርሁ። የዛሬው ንግግር ለዚያ ልጅ የዘገየ መልስ ነው ማለት ይቻላል።

ጸሐፊውን እናስቀድም። ጎልዲንግ በ1911 በኮርንዎል ተወለደ፤ ያደገው ማርልቦሮ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ በከተማዋ ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህር ነበር፤ በምርምርና በዕድገት የሚያምን ሶሻሊስት። በዚያችው ከተማ የባለጸጎች ልጆች የሚማሩበት ዝነኛ ኮሌጅ አለ፤ የመምህሩ ልጅ ያን ግቢ በአጥር ማዶ እያየ ነው ያደገው። ይህን አስታውሱልኝ፤ ወደ ኋላ ያስፈልገናል። በ1930 ኦክስፎርድ ገብቶ ሁለት ዓመት ሳይንስ ካጠና በኋላ ወደ ሥነ ጽሑፍ ዞረ። ከዚያም በሶልዝበሪ ከተማ፣ በካቴድራሉ ቅጥር አጠገብ ባለ የወንዶች ትምህርት ቤት መምህር ሆነ።

በ1940 ባሕር ኃይል ገባ። ቢስማርክ የተባለችው የጀርመን የጦር መርከብ በ1941 ስትታደን ከአሳዳጆቹ መካከል ነበር። ሰኔ 6 ቀን 1944 ኖርማንዲ ላይ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር 1 ቀን ደግሞ ዋልከረን በተባለችው የሆላንድ ደሴት ላይ ሮኬት የሚተኩስ ጀልባ አዛዥ ሆኖ ተዋጋ። ይህ ዐይነት ጀልባ አንድ ሺህ ያህል ሮኬት ተሸክሞ ወደ ባሕር ዳርቻ የሚቀርብ፣ ሲተኩስም አንዱን ጠላት ለይቶ የማይመታ፣ አካባቢውን እንዳለ የሚያርስ መሣሪያ ነው። ዋልከረን ላይ ከጀልባዎቹ ብዙዎቹ ከነሰዎቻቸው ጠፉ። በ1945 ይህ ሰው ወደዚያው ትምህርት ቤት ተመልሶ የቤት ሥራ ማረም ጀመረ። ተማሪዎቹ በአለባበሱ ዝርክርክነት የተነሣ የሚያሾፍ ቅጽል ስም አውጥተውለት እንደ ነበር ተጽፏል። ልብ ወለዱንም አንዳንዴ በማስተማሪያው ሰዓት እየጻፈ፣ ተማሪዎቹን የገጹን ቃላት ያስቆጥራቸው ነበር ይባላል። ለዛሬ መምህራን የማልመክረው ዘዴ ነው።

ጎልዲንግ ራሱ በኋላ እንደ ተናገረው፣ ከጦርነቱ በፊት ኅብረተሰቡ ከተሻሻለ ሰውም ይሻሻላል ብሎ ያምን ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን ይህ እምነት አልቀረለትም። ሰዎች ከዚህ የወሰዱት ትምህርት «ሰው በተፈጥሮው ክፉ ነው» የሚል ነው። የታሪክ ሰው ግን የሚያየው ሌላም ነገር አለ። ጎልዲንግ ያን እምነት ያጣው ያልተቆጣጠሯቸው ልጆችን በማየት አልነበረም። ያጣው ዩኒፎርም የለበሱ፣ ማዕረግ ያላቸው፣ ትእዛዝ በወረቀት የሚቀበሉ አዋቂዎች የሠሩትን በማየት፣ እርሱም ከእነርሱ አንዱ በመሆን ነው።

እንግዲህ አዋቂዎቹ ከመጽሐፉ የት ሄዱ? እዚህ ላይ አንድ የማተሚያ ቤት ታሪክ አለ። በታይፕ የተጻፈው ረቂቅ መጀመሪያ የነበረው ርእስ «ከውስጥ የመጡ ባዕዳን» የሚል ነበር። ብዙ አሳታሚዎች መለሱት። በ1953 ፌበር ለተባለው የለንደን አሳታሚ ሲደርስ የድርጅቱ የመጀመሪያ አንባቢ አሰልቺና ፍሬ ቢስ ነው ብላ ወደሚመለሱት ክምር ጣለችው። ከክምሩ ውስጥ ያነሣው ቻርልስ ሞንቲት የተባለ ወጣት አርታዒ ነው። ሞንቲት መጽሐፉን አዳነው፤ ግን መቀስ ይዞ ነበር። ረቂቁ የሚጀምረው በአቶሚክ ጦርነትና ልጆቹ በሚሸሹበት ሁኔታ ነበር። አርታዒው ያ ክፍል ይውጣ አለ፤ ወጣ። ዛሬ የምናነበው መጽሐፍ በደሴቱ ጫካ ውስጥ በሚሄዱ ሁለት ልጆች ይጀምራል፤ ስለ ቦምቡ የሚቀረን ፒጊ የተባለው ልጅ የሚጠቅሳት አንዲት ቃል ብቻ ናት።

እንደ ጽሑፍ ሥራ መቀሱ ትክክል ነበር፤ አልከራከርም። ነገር ግን መጽሐፉን ከዘመኑ ያወጣው፣ ስለ «ሰው ልጅ በጠቅላላው» የሚናገር ያስመሰለው ያ መቀስ ነው ብዬ አምናለሁ። ተቆርጦ የወጣው የአዋቂዎቹ ምዕራፍ ነበር።

የ1954 እንግሊዛዊ አንባቢ ያን ምዕራፍ ባያነብም አይጎድልበትም ነበር፤ ኖሮበታልና። በ1939 መስከረም ወር የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት 1.5 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሕፃናት፣ ከትልልቆቹ ከተሞች ወደ ገጠር ተወስደዋል። ስማቸው የተጻፈበት ካርድ ኮታቸው ላይ ታስሮ፣ የጋዝ ጭምብላቸውን በትከሻቸው አንጠልጥለው ባቡር የተሳፈሩት ልጆች ፎቶግራፍ ዛሬም በየመጽሐፉ ይታያል። ወደ ባሕር ማዶ የተላኩም ነበሩ። መስከረም 17 ቀን 1940 «ሲቲ ኦቭ ቤናሬስ» የተባለችው መርከብ ወደ ካናዳ ስትጓዝ በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ተመታ ሰጠመች። በመንግሥት ፕሮግራም ከተሳፈሩት 90 ልጆች 77ቱ አለቁ። የጎልዲንግ መጽሐፍ የወጣው ልክ በአሥራ አራተኛ ዓመቱ፣ መስከረም 17 ቀን 1954 ነው። አጋጣሚ ነው፤ ከአጋጣሚ በላይ አላደርገውም።

አሁን ወደ ደሴቱ እንመለስና ልጆቹ ምን ይዘው እንደ መጡ እንይ። ጃክ መጀመሪያ የሚታየን ጥቁር ካባ የለበሱ መዘምራንን በሰልፍ እየነዳ ነው። አለቃ መሆን የሚገባኝ እኔ ነኝ ሲል የሚያቀርበው ምክንያት የመዘምራኑ አለቃ መሆኑን ነው። ይህን ሥልጣን ከደሴቱ አላገኘውም፤ ከትምህርት ቤቱ ይዞት ነው የመጣው። ራልፍ የባሕር ኃይል አዛዥ ልጅ ነው። ፒጊ ወላጆቹ የሉም፤ ጣፋጭ የምትሸጥ አክስቱ ናት ያሳደገችው። አነጋገሩ የዝቅተኛው መደብ አነጋገር ነው፤ ወፍራም ነው፤ አስም አለበት፤ መነጽር ያደርጋል። ከሁሉም የሚበልጠውን አስተዋይ ልጅ አንድም ቀን አለቃ እናድርገው ያለ የለም። ስሙን እንኳ የጠየቀው የለም፤ «ፒጊ»፣ አሳሚቱ እንደማለት፣ የትምህርት ቤት ስድብ ነው። እንግዲህ በአጥር ማዶ ኮሌጁን እያየ ያደገው የመምህር ልጅ ይህን ሲጽፍ ስለ ሰው ተፈጥሮ ብቻ እየጻፈ ነበር?

(በነገራችን ላይ ልጆቹ እሳት የሚያቀጣጥሉት በፒጊ መነጽር ነው። ፒጊ ሩቅ ማየት የሚሳነው ልጅ ስለሆነ መነጽሩ መሐሉ የቀጠነ መሆን አለበት፤ እንዲህ ያለ መስታወት ብርሃን ይበትናል እንጂ አይሰበስብም፤ እሳት አያስነሣም። የሳይንስ መምህር ልጅ ይህን ስሕተት መሥራቱ ብዙ አንባቢዎችን ሲያስቅ ኖሯል።)

ከሁሉ ይልቅ የምወደው ክፍል ግን የሮጀር ነው። ሮጀር፣ ኋላ ድንጋይ ፈንቅሎ ፒጊን የሚገድለው ልጅ፣ በመጽሐፉ መካከል ላይ አሸዋ ላይ በሚጫወት ትንሽ ልጅ ላይ ጠጠር ይወረውራል። ግን ሆን ብሎ ይስተዋል። በልጁ ዙሪያ እጁ ሊደፍረው የማይችል ክብ አለ። ጎልዲንግ ምክንያቱን በግልጽ ይነግረናል፦ ወላጅ፣ ትምህርት ቤት፣ ፖሊስና ሕግ በማይታይ እጅ የሮጀርን ክንድ ይዘውታል። አዋቂዎቹ በሺህ ማይል ርቀው ሳለ ክንዱን እንደ ያዙት ናቸው። ተማሪዬ «ማታ የሚጠይቀን» ያለው ይኼ ነው።

ታዲያ ያ እጅ መቼ ለቀቀው? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ጊዜ ሲረዝም፣ ሲረሱ» የሚል ነው። ጽሑፉ ግን ሌላም ይላል። ልጆቹ በፍርሃት በተጨነቁበት ሌሊት ራልፍና ጓደኞቹ ከአዋቂዎቹ ዓለም አንድ ምልክት ቢላክልን ብለው ይመኛሉ። ምልክቱ በዚያው ሌሊት ይመጣል፤ በሰማይ ላይ ከተደረገ ውጊያ በፓራሹት የወረደ የሞተ ወታደር ሆኖ። ሬሳው ተራራው ላይ ተቀምጦ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ይነሣል፣ ይጎነበሳል። ልጆቹ ያዩት አውሬ እርሱ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ወደ ተራራው አይወጣም፤ እሳቱም ከቦታው ይነሣል። ስለዚህ ደሴቱን ያፈረሰው የአዋቂ አለመኖር ነው ማለት ይከብደኛል፤ አዋቂው መጥቶ ነበር። መጨረሻ ላይ የሚመጣው ሁለተኛው አዋቂ ደግሞ ነጭ ልብስ የለበሰ፣ ሽጉጥ የታጠቀ መኮንን ነው። እንግሊዛውያን ልጆች ከዚህ የተሻለ ያሳዩኛል ብዬ ነበር በሚል ስሜት ይወቅሳቸዋል፤ ከዚያም ዐይኑን ወደ ጦር መርከቡ ይመልሳል።

መኮንኑ በዚያ ቅጽበት የሚጠቅሰው አንድ የልጆች መጽሐፍ አለ፤ ስኮትላንዳዊው ባላንታይን በ1857 ያሳተመው «የዛጎል ደሴት»። በዚያ መጽሐፍ ውስጥም ራልፍና ጃክ የተባሉ እንግሊዛውያን ልጆች አሉ፤ ደሴት ላይ ወድቀው በደስታና በሥርዓት ይኖራሉ። ክፋት የሚመጣው ከውጭ ነው፤ ከባሕር ወንበዴዎችና ሰው በላ ከተባሉ የደሴት ሰዎች። ጎልዲንግ ይህን ገለበጠው፤ «አረመኔው» የካቴድራል መዘምር ሆነ። ለዚህ ድፍረቱ ባለውለታው ነን። በ1954 ቀላል ነገር አልነበረም፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር የእንግሊዝ ጦር ናይሮቢን ከብቦ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኬንያውያንን ወደ ማጎሪያ ሲያግዝ በጋዜጦች የሚጻፈው ስለ ኪኩዩዎች አረመኔነት ነበር። ሆኖም ለአፍሪካዊ አንባቢ አንድ ቅሬታ ይቀራል። መዘምራኑ ሲከፉ የሚለብሱት መልክ ከየት የመጣ ነው? የተቀባ ፊት፣ ጦር፣ ክብ ሠርቶ መጨፈር፤ ይህ የባላንታይን የደሴት ሰዎች መልክ ነው። ጎልዲንግ በዐይኑ ያየው ክፋት ግን ፊቱን አልተቀባም ነበር፤ ንጹሕ ዩኒፎርም ለብሶ ነበር። ክፋቱን ከእንግሊዝ አውጥቶ አሳየን፤ ልብሱን ግን ከእኛ ወገን ተዋሰለት።

መጽሐፉ በወጣበት በዚያው በ1954 በጋ፣ በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት፣ ሮበርስ ኬቭ በተባለ መናፈሻ ውስጥ ሙዛፈር ሸሪፍ የተባለ ቱርክ ተወላጅ የሥነ ልቡና ሊቅ 22 ወንዶች ልጆችን ለሁለት ከፍሎ አሰፈረ። ልጆቹ ዕድሜያቸው አሥራ አንድ ዓመት ገደማ ነበር። ባንዲራ ሠሩ፤ ተሳደቡ፤ የአንዱ ወገን ባንዲራ ተቃጠለ፤ የመኝታ ክፍሎች ተበረበሩ። ሙከራው ለብዙ ዓመታት ከጎልዲንግ መጽሐፍ ጋር አንድ ላይ ሲጠቀስ ኖረ። ሸሪፍ ግን ከዓመት በፊት በኒውዮርክ ግዛት ያደረገውና ያልተሳካ ሌላ ሙከራ ነበረው፤ ለረጅም ጊዜ እምብዛም አልተወራለትም። አውስትራሊያዊቷ ጂና ፔሪ መዛግብቱን አገላብጣ በ2018 ባሳተመችው መጽሐፍ ዘርዝራዋለች። በዚያ ሙከራ ልጆቹ ከመከፈላቸው በፊት ተዋውቀው ነበርና አንጣላም አሉ። የካምፕ ሠራተኛ መስለው የገቡት ተመራማሪዎች ልብስ ሰወሩ፣ ድንኳን አፈረሱ፣ አንዱ ቡድን ሌላውን እንዲጠረጥር ሞከሩ። ልጆቹ በመጨረሻ የጠረጠሩት አዋቂዎቹን ነበር። ሙከራው ተቋረጠ። ሸሪፍ ልጅ ሳለ በኢዝሚር አካባቢ ቱርኮችና ግሪኮች ሲተላለቁ ያየ ሰው ነው፤ ለምን ያን ጥያቄ እንደ ጠየቀ ይገባኛል። ነገር ግን በእርሱም ደሴት ላይ አዋቂ ነበረ፤ ከዛፍ ጀርባ ማስታወሻ ይዞ።

የመጨረሻው ደሴት እውነተኛ ነው። በ1965 በቶንጋ ዋና ከተማ በኑኩአሎፋ ስድስት የአዳሪ ትምህርት ቤት ልጆች ትምህርት ሰልችቷቸው የሰው ጀልባ ሰርቀው ወደ ባሕር ወጡ። ማዕበል ሸራቸውንና መቅዘፊያቸውን ሰበረው፤ ስምንት ቀን ያህል ተንሳፍፈው አታ የተባለች ገደላማ ደሴት ላይ ወጡ። እዚያ አሥራ አምስት ወር ገደማ ኖሩ። ሥራቸውን ሁለት ሁለት ሆነው ተካፈሉ፤ አትክልት፣ ማብሰያ፣ ጥበቃ። ያቀጣጠሉትን እሳት አላጠፉትም። ሲጣሉ ተጣይዎቹ ወደ ተለያየ ጫፍ ሄደው ንዴታቸው እስኪበርድ ይቆያሉ፤ ከዚያ ይታረቃሉ። ቀኑን በመዝሙርና በጸሎት ይጀምሩታል፣ ይፈጽሙታል። አንደኛው ከገደል ወድቆ እግሩ ሲሰበር ጓደኞቹ በእንጨትና በቅጠል አሰሩት፤ እስኪድን ድረስም የእርሱን ሥራ ተካፍለው ሠሩለት። በመስከረም 1966 ፒተር ዋርነር የተባለ አውስትራሊያዊ ዓሣ አጥማጅ ካፒቴን አገኛቸው። ሆላንዳዊው ጸሐፊ ሩትገር ብሬግማን በ2020 ታሪኩን ሲያወራው በዓለም ተናኘ፤ ብዙዎችም «ጎልዲንግ ተሳስቷል» ብለው ደመደሙ።

እኔ እንዲህ አልልም። ስድስት ናቸው፤ ወዳጆች ናቸው፤ አብረው ለመሄድ የመረጡ ናቸው፤ ከጎልዲንግ ትንንሾችም በዕድሜ ይበልጣሉ። በዚህ ላይ ታሪኩ ለብዙ ጊዜ የተነገረን በልጆቹ አፍ ሳይሆን በካፒቴኑ አፍ ነው። የእኔን ዐይን የያዘው ሌላ ነገር ነው፤ ልጆቹ የበሉት ምግብ። የባሕሩን ዳርቻ ለቅቀው ወደ ደሴቱ አናት ሲወጡ ጎደሬ፣ ሙዝ፣ ዱር የገቡ ዶሮዎች አገኙ። ማን ተከለው? አታ ከመቶ ዓመት በፊት ሰው ይኖርባት ነበር። በ1863 ግሬሺያን የተባለች የዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ ካፒቴን፣ ቶማስ መግራዝ፣ የደሴቷን ሰዎች ለንግድ ብሎ ወደ መርከቡ ጋብዞ ዘጋባቸው። ለፔሩ የባርነት ንግድ የተወሰዱት ከ140 በላይ ናቸው። የቶንጋ ንጉሥ ቀዳማዊ ጆርጅ ቱፖው የተረፉትን ለደኅንነታቸው ሲል ወደ ሌላ ደሴት አዛወራቸው። ደሴቷ ሰው አልባ የሆነችው እንዲህ ነው። ልጆቹ ያገኙት ጎደሬ የነዚያ ሰዎች ጎደሬ፣ ዶሮዎቹም የነዚያ ሰዎች ዶሮዎች ዘር ነበሩ።

ልጆቹ ወደ ኑኩአሎፋ ሲመለሱ ከዓመት በላይ አልቅሰውላቸው፣ የቀብር ሥርዓታቸውን ፈጽመውላቸው የነበሩ ቤተሰቦቻቸው ገና ሳያቅፏቸው ፖሊስ ያዛቸው። የጀልባው ባለቤት ክስ መሥርቶ ነበር። ካፒቴኑ የጀልባውን ዋጋ 150 ፓውንድ ከፍሎ አስፈታቸው። ገንዘቡን ያገኘው ታሪካቸውን ለአውስትራሊያ ቴሌቪዥን ሸጦ ነው።

እዚህ ላይ ላቁም፤ ለጥያቄ የሚሆን ግማሽ ሰዓት አለን። ከኋላ ወንበር ብንጀምር ደስ ይለኛል።